ጠንካራ መሪ ቢገኝ አገር በአምስት ዓመት ይረጋል? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የምሸጠው ፌሮና ቆርቆሮ ከጂቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። ዜና ስከፍት አንድ ቀን ቀይ ባሕር፣ አንድ ቀን ሱዳን፣ አንድ ቀን ኒጀር፣ አንድ ቀን አሜሪካ ነው፤ የትም ቦታ የረጋ መንግሥት ያለ አይመስለኝም። እኛም ያየነውን አይተናል። ታላቁ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ‹ይህ አገር አይረጋም› በማለት በባቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ቆርጧል። እንደ ኮሪያ ያለ አንድ ቆራጥ መሪ ቢገኝ በአምስት ዓመት መረጋጋት አይቻልም ወይ? ካልተቻለስ ስንት ዓመት ይፈጃል? እኛ ተራ ሰዎች እስከዚያ ምን ይዘን እንጠብቅ?»

ከኮሪያ እጀምራለሁ፤ ኮሪያን የጠሩት ለጠንካራ መሪ ምስክር እንድትሆንዎ ነውና፣ ታሪኳ ግን የሚመሰክረው ለሌላ ነገር ነው። ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ሲደርሱ ደቡብ ኮሪያ ሪፐብሊክ ከተባለች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ አሥራ ሁለት ዓመት ገዝተው እ.ኤ.አ. በ1960 በተማሪዎች አመፅ ከሥልጣን ወርደው አገር ለቅቀው ሄዱ። በዓመቱ ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በመፈንቅለ መንግሥት መጡ፤ እርስዎ ያሰቧቸው ቆራጥ መሪ እኒህ ሳይሆኑ አይቀሩም። ፋብሪካና የወጪ ንግድ በማስፋፋት የሠሩት ሥራ አይካድም። ሆኖም የመሬት ይዞታ ማሻሻያው የተሠራው እርሳቸው ከመምጣታቸው አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ መስፋፋትም እንደዚሁ ቀድሟቸዋል፤ ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም። አሥራ ስምንት ዓመት የገዙት ሰው ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ሳያደላድሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 እራት ላይ እንደተቀመጡ በገዛ የደኅንነት ሹማቸው ጥይት ተገደሉ። ተከትሎ የመጣው ሌላ ጄኔራል ነው፤ በጓንግጁ ከተማ የተነሣውን ሕዝብ በወታደር ደፈጠጠው። ፕሬዚዳንትን በቀጥታ መምረጥ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1987 እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ተቃዋሚ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን የተረከበው ደግሞ በ1998 ነው። ሪፐብሊኩ ከተመሠረተ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው።

የዚያ ሁሉ ዓመት ፍሬ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ሌሊት ነበር። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በድንገት ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 190 የምክር ቤት አባላት፣ አንዳንዶቹ አጥር ዘልለው ገብተው፣ አዋጁ እንዲነሣ ድምፅ ሰጡ። ወታደሮች ሕንፃው ውስጥ ገብተው ነበር፤ አልተኮሱም። በአራት ወሩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አስወገደ፤ አገሩም ሌላ ምርጫ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉትን ኮሪያውያን እንደዚህ አድርገው ሽረውታል፤ ከዚያ በፊትም ሁለት የቀድሞ ጄኔራል ፕሬዚዳንቶቻቸውን ችሎት አቁመው አስፈርደውባቸዋል። እርስዎ የሚመኙት መረጋጋት ይህ ከሆነ፣ የሠሩት ከፓርክ በኋላ የመጡ ዳኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ጋዜጠኞችና ትእዛዝ ሲደርሳቸው ቆም ብለው ያሰቡ ወታደሮች ናቸው።

ሌላው ስሕተት በአቆጣጠሩ ላይ ነው። ሰው ለጠንካራ መሪ ሲከራከር የሚጠራው የተሳካለትን ብቻ ነው፤ ያልተሳካላቸውን ማን ይቁጠር? የሶማሊያው ሲያድ ባሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ የኮንጎው ሞቡቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ የሊቢያው ጋዳፊ አርባ ሁለት ዓመት፣ የሱዳኑ አል በሽር ሠላሳ ዓመት ገዝተዋል። ሁሉም በየዘመናቸው «አገሩን ጸጥ ያሰኘ» ተብሎላቸው ነበር፤ ሁሉም ሲሄዱ የቀረው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ለራሱ ወንበር የሚሰጋ ሰው በእግሩ የሚቆም የጦር አዛዥ፣ በእግሩ የሚቆም ዳኛ፣ በእግሩ የሚቆም ነጋዴ አይወድም፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው እየጠበቀ ሁሉንም ያዳክማል። አል በሽር ከመደበኛው ጦር ጎን ፈጥኖ ደራሽ የተባለውን ሌላ ጦር ያደራጁት አንደኛው ሌላኛውን እንዲጠብቅላቸው ነበር። እርሳቸው ከወረዱ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023፣ ሁለቱ ጦሮች ካርቱም መሐል ገጥመው ከተማይቱን አወደሟት። የሱዳንን ጦርነት በዜና ሲሰሙ የሚሰሙት የሠላሳ ዓመቱን «ጸጥታ» የዘገየ ሒሳብ ነው።

ጠንካራ ሰው ባለበት ቦታ ደግሞ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ አይወጣም። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ሕዝቡን በመንገድ ዳር ሲጥለው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቶ የቆመ የሚመስለው መንግሥት እውነቱን ከራሱም ከዓለምም ደበቀ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ራሱም አልነበረም።

ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ የሚያገኙት አይጠየፍ አዳራሽም ይህንኑ ይነግራል። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በአዲስ አበባ፣ አባት በደሴ ሆነው ያን ጊዜ ማን ይህ ይፈርሳል ይል ነበር? ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሡ ሰገሌ ላይ ሲማረኩ ግን ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ቀን ውጊያ ተፈታ። አዳራሹ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ግብር የሚያበላው ሥርዓት ከሰውየው ጋር ሄዷል።

አሁን ቅሬን፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን፣ ያስቡ። ዳኛው ሲሞት ቅሬው አብሮት አይቀበርም፤ ዳኛውን የሚቀብረው ቅሬው ነው። መዝገብ አለው፤ ማን እንዳዋጣ፣ ማን እንደቀረ ይታወቃል፤ ገንዘቡን የሚይዘውና የሚጽፈው ሰው ይለያያል፤ የቀረ ሰው የሚቀጣው በታወቀ ደንብ ነው፤ በብዙ ሰፈርም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይተዳደራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ በወጣ ጊዜ፣ ቢሮው ተዘርፎ፣ ኮምፒውተሩና ፋይሉ ጠፍቶ ሳለ፣ በእኔ ሰፈር ከሁሉ ቀድሞ ሥራውን የቀጠለው ቅሬው ነበር፤ ደንቡ በአባላቱ ልብ ውስጥ ስለነበረ ማንም ሊዘርፈው አልቻለም። ምሳሌውን ከልኩ በላይ አልጎትተውም። ቅሬ ጦር የለውም፣ ቀረጥ አይሰበስብም፣ ወንበሩን ለመያዝ የሚጋደልም የለም። የመንግሥት አስቸጋሪነት ከዚህ ይጀምራል፤ የሚያጓጓ ወንበር ላይ የቅሬን ዓይነት ደንብ መትከል ነው ሥራው።

ስንት ዓመት ይፈጃል ብለው ቁጥር ጠይቀዋል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከሌሎች ፈጥነው የተለወጡ ሃያ አገሮች የተጓዙበትን ጊዜ አስቀምጦ ነበር፤ ጦርን ከፖለቲካ ለማራቅ በአማካይ 17 ዓመት፣ ሙስናን ልክ ለማስያዝ 27 ዓመት፣ የሕግ የበላይነትን ደኅና ከሚባል ደረጃ ለማድረስ 41 ዓመት። ደኅና ከሚባል ደረጃ እንጂ ከፍጹምነት አይደለም። እንግዲህ እነዚህ የፈጣኖቹ ቁጥሮች ናቸው፤ የአምስት ዓመት ተስፋ የሚሰጥዎ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥልዎ የፈለገው ነገር አለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓመታቱ ዝም ብለው ቢቀመጡ የሚያልቁ አይደሉም፤ ወደ ኋላም ይቆጠራሉ። ቱኒዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 አምባገነኗን አባርራ፣ በ2014 ብዙዎች ያደነቁትን ሕገ መንግሥት አጽድቃ፣ በሐምሌ 2021 ፕሬዚዳንቷ ምክር ቤቱን ሲያግዱ የአሥር ዓመት ድካሟ እጅጉን ተሸረሸረ። እኛም በ1923፣ በ1948፣ በ1980 እና በ1987 ዓ.ም. አራት ሕገ መንግሥት ጽፈናል። ጽሑፉ አልቸገረንም። የቸገረን አዲስ የመጣ ሁሉ የቀደመውን ጦርና ሹም በትኖ፣ የቀደመውን መዝገብ እንደ እርኩስ ቆጥሮ ከመጀመሪያው መነሣቱ ነው። እንዲህ ሲሆን አርባ አንዱ ዓመት መቆጠር አይጀምርም።

ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ተሸናፊው ነው። አሸናፊ ሁልጊዜ ሥርዓቱን ይወዳል፤ ጥያቄው የተሸነፈው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ንብረቱን ይዞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል ያምናል ወይ የሚለው ነው። አንጎላ እ.ኤ.አ. በ1992 ምርጫ አደረገች፤ የተሸነፉት የአማፂያኑ መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም ብለው ወደ ጫካ ተመለሱ፤ ጦርነቱ እርሳቸው እስከ ሞቱበት እስከ 2002 ቀጠለ። ወዲህ ወደ ጎረቤታችን ሶማሌላንድ ይምጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጀመሪያው ቆጠራ የታየው ልዩነት 80 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሰማንያ ድምፅ ማለት የአንድ መንደር ሠርግ ታዳሚ ነው። የተሸነፉት ሲላንዮ ቅሬታቸውን በፍርድ ቤት አሰምተው ውጤቱን ተቀበሉ፤ በ2010 ተወዳድረው አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያን እምነት የሚሰጥ አዋጅ የለም፤ ሰው ደጋግሞ አይቶ የሚለምደው ነገር ነው፤ ድግግሞሹም ምርጫ በመጣ ቁጥር እንጂ በየቀኑ አይገኝም። ዘመኑን የሚበላው ይህ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለውም ተረት የስግብግብነት ተረት ብቻ አይደለም። ሹሙ ነገ የት እንደሚሆን አያውቅም፤ ሲሻር ጡረታው፣ ቤቱ፣ ነፃነቱ ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ ዛሬ ይበላል። ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 ሲደራደሩ ለቀድሞው ሥርዓት የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውንና ጡረታቸውን ለተወሰነ ዘመን ዋስ ሰጡ፤ ለብዙዎች መራራ ነበር፤ ነገር ግን ጠመንጃውን የያዘው ሰው እንዲያስረክብ አደረገው። አሜሪካኖች ኢራቅ ላይ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 መላውን የኢራቅ ጦር በአንድ ትእዛዝ በተኑት፤ ደመወዙ የተቋረጠበት፣ መሣሪያ አያያዝ ግን የሚያውቅ ወታደር መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ መጽሐፍ የሚሞላ ነው።

ስለ ውጭ ኃይል በጥያቄዎ በቀጥታ ባይጠይቁም፣ «አሜሪካ ቢገባበት»፣ «ቻይና ብትይዘው» የሚለውን ወሬ በየቡና ቤቱ ስለምሰማ አጭር ቃል ልጨምር። አፍጋኒስታን ውስጥ ለሃያ ዓመታት ስፍር ቁጥር የሌለው ገንዘብና ጦር ፈስሷል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡል ሲገባ የተሠራው መንግሥት በቀናት ውስጥ ተበተነ። የውጭ ኃይል ድልድይ ሊሠራ፣ አስታራቂ ሊሆን፣ ድርድር የሚያፈርሰውን ሊያስፈራራ ይችላል፤ በሰዎች መካከል መተማመን ግን ከውጭ አይገባም። ወሎ የውጭ ኃይል ወረቀትን ጠባይ ለማወቅ ሩቅ አይሄድም፤ ከሐይቅ አልፎ ባለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ዐድዋ ላይ አድርሶናል።

«የትም የረጋ መንግሥት የለም» ላሉትም ማረሚያ አለኝ። ዜና የሚያወራው የሚፈርሰውን ቤት እንጂ የቆመውን አይደለም። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በመፈንቅለ መንግሥት ወድቀዋል፤ ይህ እውነት ነው፤ አሳሳቢም ነው። በዚያው ሰሞን የሆነውን ሌላውን ግን ስንቶቻችን ሰማን? ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሬዚዳንቷ ምርጫውን ሊያራዝሙ ሲሞክሩ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አይሆንም አለ፤ ምርጫው ተደረገ፤ ከእስር ቤት ከወጣ አሥር ቀን ያህል ብቻ የሆነው ተቃዋሚ አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቦትስዋና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የገዛው ፓርቲ በ2024 ተሸነፈ፤ ፕሬዚዳንቱ መሸነፋቸውን ተናግረው አስረከቡ። በጋና የገዢው ፓርቲ እጩ የመጨረሻው ውጤት ሳይነገር በማግስቱ ሽንፈቱን ተቀበለ። የቦትስዋናን ነገር ልብ ይበሉት፤ አገሪቱ የምትኖርበት የአልማዝ ገበያ በዚያ ሰሞን ወድቆ ነበር፤ ኑሮ ከብዶ ነበር። ሕዝቡ ቁጣውን በኮሮጆ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ወደ ሱቅዎ የሚያመጣኝ ይህ ነው። የየመን ሁቲዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከብ ሲመቱ፣ ብዙ መርከብ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ፤ የጭነትና የመድን ዋጋ ወጣ። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታግድ፣ ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደዚያ የሚላክ ልብስ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያን ጊዜ የፌሮ ዋጋ በየጠዋቱ እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የረጋ መንግሥት ያላቸው አገሮችም ከእንዲህ ያለው ዱብ ዕዳ አያመልጡም። ልዩነቱ ዱብ ዕዳው ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው የሚወሰንበት፣ ሰው የሚያምነው መንገድ መኖሩ ነው። ቀረጡ ማን ላይ እንደተጨመረ፣ ድጎማው ለማን እንደሄደ በግልጽ ካልታወቀ፣ ውጭ አገር የተነሣ የዋጋ ነገር እዚህ የብሔርና የሃይማኖት ጥርጣሬ ሆኖ ያርፋል።

እንግዲህ ምን መንገድ አለ? ጠንካራ ሰው ጠብቆ መኖር አንዱ ነው፤ ዕድሉን ከላይ ተነጋግረናል። ሁለተኛው ኃይል ያላቸው ወገኖች ተቀምጠው የሚያደርጉት ስምምነት ነው፤ ስፔን እ.ኤ.አ. በ1975 ፍራንኮ ሲሞቱ ያደረገችው፣ ደቡብ አፍሪካም ያደረገችው ይህን ነው። ሦስተኛው ከታች የሚጀምር ነው። ሶማሌላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የጎሳ ሽማግሌዎች ቦራማ ከተማ ላይ ለወራት ተቀምጠው፣ ወጪያቸውን በአብዛኛው የአገሩ ሰው ችሎላቸው፣ የሥልጣን ክፍፍልና የጸጥታ ውል ተስማሙ። እኛ አበጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች የሚያደርጉትን በትልቁ ማድረግ ነው። ገደቡንም ልናገር፤ ከዚያ ስምምነት በኋላ እንኳ ዋና ከተማዋ ሐርጌሳ ዳግም ውጊያ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በስምምነቱ ያልረካው የምሥራቁ ክፍል ላስ ዓኖድ ላይ ተዋግቶ ከሶማሌላንድ እጅ ወጥቷል። ሽማግሌ የጎሳን ጠብ ያበርዳል፤ በጀት፣ ቀረጥና የጦር እዝ ላይ ሲደርስ ግን የተጻፈ ሕግና የሚያስፈጽም ቢሮ ያስፈልገዋል።

የእኛ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የታሰበው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የተቀላቀለ መንገድ ይመስለኛል። ማንም ቢመራው የሚፈተንበት ነገር አንድ ነው፤ ጠመንጃ የያዘውና የተከፋው ወገን አዳራሹ ውስጥ አለ ወይ? የተስማሙ ሰዎች ብቻቸውን ተሰብስበው ዳግም ቢስማሙ አዲስ ነገር አይወለድም። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ አንድነት በአዋጅ ተነግሮ ነበር፤ በግድ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የታዘዘው ወሎዬ ግን በልቡ አልተስማማም፤ አመፁ ለዓመታት አልበረደም።

ሌላው ማስጠንቀቂያዬ «ቀስ በቀስ» የምትለዋን ቃል የሚመለከት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የቆጠርሁት ለሰነፍ ሹም ሰበብ እንዲሆነው አይደለም። በዝግታ የሚሠራ ቤትና የተተወ ቤት ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ቀርቦ የሚያይ ግን ጡቡ ዘንድሮ ከአምና ጨምሮ እንደሆነ ይለያል። ስለዚህ የመንግሥትን መርጋት በቴሌቪዥን ዜና መለካትዎን ትተው፣ በእጅዎ በሚደርሱት ነገሮች እንዲለኩት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የከተማው ወይም የክፍለ ከተማው በጀት ተነግሮ ያውቃል? በዓመቱ መጨረሻ ምን ላይ እንደዋለስ ተነግሯል? ከኃላፊነት የተነሣ ሰው በሰፈሩ በሰላም ይኖራል ወይስ ታስሯል፣ ተሰድዷል? ተራ ሰው በመንግሥት ቢሮ ላይ ክስ አቅርቦ ሲያሸንፍ ፍርዱ ይፈጸምለታል? ከሦስቱ የመጨረሻውን አስበልጣለሁ፤ ፍርዱ በራሱ በመንግሥት ላይ የሚፈጸምበት አገር፣ ነገሥታቱ ቢቀያየሩም መሠረት ይዟል። መልሱ ዘንድሮ «አይደለም» ቢሆን አይደንግጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ያው «አይደለም» ከሆነ ግን ዝግታ ሳይሆን መቆም ነውና ዝም አይበሉ። የንግድ ሥራዎም ከዚህ ጋር ይሂድ፤ የዓለምን ነገር መተንበይ ስለማይቻል፣ የሚቀጥለውን የምንዛሪ ወይም የወደብ ወሬ ገምተው በብድር ዕቃ አያከማቹ።

የልጅዎ ነገር ይቀረኛል። እዚህ ላይ ምክሬ ሁለት ወገን የለውም፤ በባቲ በኩል በደላላ መሄድ የለበትም። «የማይረጋ አገር» ሸሽቶ የሚሄድበት መንገድ ከጂቡቲዋ የባሕር ዳር ከተማ ከኦቦክ ተሻግሮ የመንን የሚያቋርጥ ነው፤ የመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ያለች አገር ናት። ደርሶ ቢገባ እንኳ የሳዑዲ መረጋጋት የሳዑዲዎች ነው፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ ሲባል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሻንጣቸውን እንኳ በወጉ ሳይዙ መመለሳቸውን ሰፈርዎ ውስጥ የሚነግረው አይጠፋም። መሄዱ የማይቀር ከሆነ በሕጋዊ የሥራ ስምሪት፣ ውሉን አንብቦ፣ ግልባጩን እርስዎ ዘንድ ትቶ ይሂድ። ይህን የምለው እዚህ ነገ ይረጋል ብዬ ቃል ልገባለት ችዬ አይደለም፤ አርባ አንድ ዓመት ያልሁትን አልሽርም። ልጁ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ይሆናል፤ ዛሬ መቆጠር ቢጀምር ሲያልቅ ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ይህንኑ ቁጥር ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ ከዚያም በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ይዘውት ይሂዱና የበጀቱን ጥያቄ እርሱ ይጠይቅ።